የኦርጋኑ ሰው፦ ኃይሉ መርጊያና የአጃቢ ሙዚቀኞች መብት

የድሮ ካሴት ሽፋን አንስቶ ያየ ሰው የሚያገኘው ነገር ተመሳሳይ ነው። የዘፋኙ ፎቶግራፍ በጉልህ፣ የዘፋኙ ስም በትልቁ፣ የሙዚቃ ቤቱ አድራሻ ከታች። ያጀበው ባንድ ስሙ ከተጠቀሰ ዕድለኛ ነው። ጊታሩን ማን መታ? ሳክስፎኑን ማን ነፋ? ኦርጋኑን ማን ተጫወተ? ይህ ብዙ ጊዜ የለም። አድማጩ ግን ዘፈኑን የሚለየው ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ገና በመግቢያው ዜማ ነው። በሠርግ ቤት ሰው ከመቀመጫው የሚነሣው በዚያው መግቢያ ነው። ሰዉን ያስነሣው ግን ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ አጃቢዎች የአንዱን፣ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረውን የኃይሉ መርጊያን የሙያ ጉዞ ይመለከታል። የኃይሉ ታሪክ በውጭ ጋዜጦች ብዙ ጊዜ የተነገረው «ታክሲ ነጂው ሙዚቀኛ» በሚል የተአምር ወሬ መልክ ነው። ወሬው ውሸት አይደለም። በበኩሌ ከተአምሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከጀርባው ያለው ጥያቄ ነው። አጃቢ ሙዚቀኛ የተጫወተው ነገር የማን ነው? ሕጉስ ምን ይለዋል? (አንባቢ እንዳይደናገር፣ የሙዚቃ ሥራዎቹና የውጭ ክስተቶች ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሀገራችን ሕጎች ዓመታት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ባቲ በኦርጋን ላይ

ስለ ሰውየው ከማውራታችን በፊት ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። የሙዚቃችን ዋና ዋና ቅኝቶች አራት መሆናቸው ይታወቃል፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ የቦታ ስሞች ናቸው። አምባሰል በተራራው የሚታወቅ አገር ነው። ባቲ ደግሞ ዛሬ በአማራ ክልል፣ ዋና ከተማዋ ከሚሴ በሆነችው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለች፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ አፋርና ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በስመ ጥሩው የሰኞ ገበያዋ የቆላው አፋር፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛሉ፤ ግመሉ፣ ከብቱና እህሉ እዚያ ይሸጣል፣ እዚያ ይለወጣል። ሦስት ቋንቋ የሚሰማበት ገበያ ያላት ከተማ ለአንድ ቅኝት ስሟን ብትሰጥ አይገርምም።

አራቱም ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፆች አሏቸው። ክራር ደርዳሪው ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። ኦርጋን ተጫዋቹ ግን የሚቃኘው ነገር የለውም። ፊቱ የተደረደሩት ቁልፎች አሥራ ሁለቱን ድምፆች ቋሚ አድርገው ይዘዋል። የእሱ ቅኝት የሚገኘው በጣቶቹና በጆሮው ነው። የትኛውን ቁልፍ መንካት እንዳለበት ብቻ ሳይሆን የትኛውን መዝለል እንዳለበት ማወቅ አለበት። ከ«ዶ» ቢነሣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይሆናል። «ሬ» እና «ላ» ይዘለላሉ፤ በእነሱ ምትክ «ፋ» እና «ሲ» ይገባሉ። «ሚ» ከ«ፋ»፣ «ሲ» ከ«ዶ» የሚራራቁት በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ባቲን ሰምቶ ልቡ ቆንጠጥ የሚለው ሰው የሚሰማው ይህንን ጠባብ እርምጃ ነው። ባቲ ማይነር ሲሆን «ሚ» እና «ሲ» በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ።

ታዲያ ኦርጋን ለዚህ ሙዚቃ ለምን ተስማማ? አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። የፒያኖ ድምፅ ቁልፉ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። የኦርጋን ድምፅ ግን ጣት እስካልተነሣ ድረስ ይቆያል። ይህ ከመሰንቆ ጭራና ከዋሽንት ትንፋሽ ጋር ያዛምደዋል። ድምፁን ይዞ ማቆየት፣ ማንገላታት፣ ወደሚቀጥለው ማንሸራተት ይቻላል። ዘፋኝ የሚያንጎራጉረውን ኦርጋንም ሊያንጎራጉረው ይችላል። አኮርዲዮንም ከዚህ ቀደም ብሎ በዚሁ ምክንያት ቤተኛ ሆኖ ነበር።

በዓለም ላይም ዘመኑ የኦርጋን ዘመን ነበር። በጃዝ ጂሚ ስሚዝ፣ በሶል ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ1962 «ግሪን ኦኒየንስ»ን ያወጣው የቡከር ቲ ጆንስ ቡድን፣ በሮክ ደግሞ የ«ዘ ዶርስ»ሙ ሬይ ማንዛሬክ መሣሪያውን ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወደ ጭፈራ ቤት አውጥተውታል። የአዲስ አበባ ወጣት ሙዚቀኞችም ይህንን ከሸክላና ከሬዲዮ ይሰሙ ነበር። የሰሙትን ግን እንዳለ አልገለበጡትም፤ በአምስቱ ድምፅ ገሩት።

ከደብረ ብርሃን እስከ ሒልተን

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በአሥራ አራት ዓመቱ አኮርዲዮን ራሱን በራሱ አስተማረ፤ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍልም ጥቂት ጊዜ አሳልፏል። ከዚያ በኋላ መድረኩ የከተማዋ የምሽት ክበቦች ሆኑ። ከአኮርዲዮን ወደ ኦርጋን መሻገር ለእሱ ሩቅ መንገድ አልነበረም። የቀኝ እጅ ቁልፎቹ አንድ ናቸው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቬነስ ክበብ ይጫወቱ ከነበሩ ሙዚቀኞች ዋልያስ ባንድ ተመሠረተ። ከኃይሉ ጋር በተለያየ ጊዜ የተሰለፉት ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎንና በፍሉት፣ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ተማረ ሐረጉ በድራም ነበሩ። ስማቸውን በሙሉ የዘረዘርኩት ሆን ብዬ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ስም መጥራት ስለሆነ።

የዋልያስ አመሠራረት በራሱ አንድ ምዕራፍ ነው። ከዚያ በፊት የሀገሪቱ ትልልቅ የሙዚቃ ቡድኖች የመንግሥት ነበሩ፦ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የጦር ሠራዊት፣ የሀገር ፍቅር ቴአትር። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ መሣሪያው የተቋም ንብረት፣ አንዳንዱም ወታደራዊ ማዕረግ የነበረው ነው። ዋልያስና መሰሎቹ ግን በራሳቸው ስም ተደራጅተው፣ በራሳቸው ስም ተዋውለው የሚሠሩ የግል ባንዶች ሆኑ። ዋልያስ ለዓመታት የአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ባንድ ሆኖ ሠራ። የሆቴል ውል ለሙዚቀኛ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። ቋሚ መድረክ፣ ቋሚ ገቢና በየምሽቱ አብሮ የመጫወት ዕድል ማለት ነው። የባንድ ጥራት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሁለት ነገሮች የምሽቱን ሙዚቃ ለወጡት፦ ሳንሱርና ሰዓት እላፊ። ሰዓት እላፊው ሰዉን ከመንገድ ሲከለክል የክበቦቹ በር ከውስጥ ይዘጋና ጭፈራው እስከ ንጋት ይቀጥላል። ገብቶ የቀረ ሌሊቱን እዚያው ነው የሚያነጋው፤ ባንዱም እንዲሁ። ሳንሱሩ ደግሞ ግጥም ይመረምራል። ቃል የሌለው ሙዚቃ ግን የሚሰረዝ ስንኝ የለውም። ዋልያስ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ሥራዎችን ያወጣው በእነዚህ ዓመታት መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የ1975ቱ «ትዝታ» ካሴት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውና ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን የተሳተፈበት «ቼ በለው» ደግሞ ሌላው ነው። በዚህ ውስጥ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» ከኢትዮጵያ የመሣሪያ ሙዚቃዎች እጅግ ከታወቁት አንዱ ሲሆን የውጭ ባንዶችም ደጋግመው ተጫውተውታል። ኃይሉ በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ።

በእነዚህ ሥራዎች ኦርጋኑ አጃቢነቱን ትቶ ዘፋኝ ሆኗል። ሰዉ ግጥሙን በቃሉ የሚያውቀውን የሕዝብ ዜማ ኦርጋኑ ያለ ግጥም ያዜመዋል፤ ግጥሙን አድማጩ በልቡ ይሞላበታል።

የዋሽንግተን ዓመታት

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ሄደ። ተመልካቹ በአብዛኛው ከሀገሩ የወጣው ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። በዘመኑ ሁኔታ በየትኛውም ወገን መፍረድ ይከብዳል። ለሙዚቃው ግን የዋልያስ ዘመን እዚያ ላይ አበቃ።

ኃይሉ ከሞገስና ከመላከ ጋር ዙላ ባንድን አቋቁሞ በዋሽንግተን መጫወቱን ቀጠለ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ሙዚቃ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ያኔ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ ሰቨን ይዞ፣ ለድራም የሪትም ማሽን ተጠቅሞ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠራ። ካሴቱ ሀገር ቤት ተሸጠ። ከትራኮቹ አንዱ «አምባሰል» ነው። ትዝታም አንቺሆዬም በሌሎቹ አልበሞቹ ውስጥ በየስማቸው ይገኛሉ። በባዕድ ከተማ፣ ከባንድ ተነጥሎ፣ በአዳዲስ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የያዘው የወሎን ቅኝት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ስደተኛ ባለሙያ የሚያውቀው ሕይወት ነው። መድረኩ ቀረ። ታክሲ መንዳት የኑሮ መሠረት ሆነ፤ የሥራ ቦታው የዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ነበር። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመዳል። ይህንን እንደ አሳዛኝ ታሪክ የሚተርኩ አሉ። እኔ ግን እንደ ሙያ ዲሲፕሊን ነው የማየው። የሚሰማው ሰው በሌለበት ዓመታት እጁን ሳያፈታ የቆየ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ነገሩ ተለወጠ። «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ባለቤት ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ውስጥ ያገኘውን የ«ሸሞንሟናዬ» ካሴት ይዞ ኃይሉን አፈላልጎ አገኘውና ከእሱ ጋር ተስማምቶ ሥራውን እንደገና አሳተመ። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ «ትዝታ» በ2021 ተከተሉ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በአውሮፓና በአሜሪካ አዳራሾች ተጫወተ። በ2018 ከባሲስቱ ማይክ ማይኮውስኪና ከድራመሩ ቶኒ ባክ ጋር የሠራውን «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ የወጡ አዳዲስ አልበሞች ናቸው።

የዋልያስ ባልደረባው ግርማ በየነም ከረጅም ዝምታ በኋላ በ2017 ከፈረንሣዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 30ኛው ቅጽ ተመልሷል።

ከባሕር ዳር የካሴት መደብር እስከ ለንደን ፍርድ ቤት

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ የውጭ አሳታሚ ካሴቱን አግኝቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ፣ ተዋውሎ አሳተመ። ይህ መልካም ነው። መልካም የሆነው ግን አሳታሚው ፈልጎ ስላገኘ ነው። ባይፈልግስ? ካሴቱ በየመንገዱ ሲባዛ፣ በኢንተርኔት ሲለቀቅ የከረመው ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ነው። የሙዚቀኛ መብት በሌላው ሰው ቅንነት ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ መብት ሳይሆን ችሮታ ነው።

ለዚህ የሚመች ምሳሌ ከእንግሊዝ አገር አለ፤ ባለጉዳዩም የሮክ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ፕሮኮል ሃረም የተባለው ባንድ «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» የተባለ ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ሰው የሚያስታውሰው ደግሞ መግቢያውን የኦርጋን ዜማ ነው። የተጫወተው ማቲው ፊሸር ነው። ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት ግን ዘፋኙ ጋሪ ብሩከርና ገጣሚው ኪት ሪድ ብቻ ነበሩ። ፊሸር በ1969 ከባንዱ ወጣ፤ በኋላም በኮምፒዩተር ፕሮግራመርነት ሠራ። ክሱን የመሠረተው በ2005፣ ዘፈኑ ከወጣ ከ38 ዓመት በኋላ ነው።

የከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2006 የኦርጋኑ ዜማ ራሱን የቻለ የፈጠራ አስተዋጽኦ ነው ብሎ ከሙዚቃው መብት 40 በመቶውን ሰጠው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2008 ደራሲነቱን ተቀብሎ፣ በመዘግየቱ ምክንያት ከገቢው ድርሻ አይገባውም አለ። በሐምሌ 2009 ግን በዘመኑ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት የፊሸርን ድርሻ መለሰለት። መዘግየቱ መብቱን አያሳጣውም አለ። ሆኖም ገንዘቡ የሚታሰብለት መብቱን ከጠየቀበት ከ2005 ወዲህ ላለው ጊዜ ነው። የፍርዱ ትምህርት ሁለት ነው። ኦርጋን ተጫዋች «ያጀበ» ብቻ ሳይሆን ደራሲም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ የዝምታ ዓመታት ዋጋ አላቸው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ዝም ያለው ነው።

በእኛ ሕግ

በሀገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚደነግግ ክፍል ነበረው። ጥበቃው ግን ለደራሲው እንጂ ለተጫዋቹ አልነበረም። ዋልያስ «ቼ በለው»ን ሲቀርጽ ኦርጋን ተጫዋቹ በተጫዋችነቱ የሚጠራው የመብት አንቀጽ አልነበረውም። ይህ የመጣው በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ «ከዋኝ» ለሚላቸው ባለሙያዎች የራሳቸውን መብት ሰጠ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሕጉ ዘፋኝና አጃቢ ብሎ አይለይም። የዘፈነውም የተጫወተውም ከዋኝ ነው። አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ማሻሻያ አድርጎ መብቶችን በጋራ የሚያስተዳድሩ ማኅበራት የሚቋቋሙበትን መንገድ ከፈተ።

ቅኝትን በተመለከተም ሕጉ ግልጽ ነው። ሐሳብ፣ ዘዴና ሥርዓት የማንም የግል ንብረት አይሆንም። ባቲ የባቲም የወሎም የመላው ኢትዮጵያም ነው፤ ማንም አጥር አያጥርበትም። በባቲ ላይ የተሠራ ቅንብር ግን የአቀናባሪው ነው፤ የተቀረጸው አጨዋወትም የከዋኙ። ብዙ ጊዜ «የሕዝብ ዜማ ነው» በሚል ሰበብ አጃቢው ይረሳል። ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ጣቶቹ የሕዝብ አይደሉም።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜ። የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የከዋኝ መብት ግን የሚቆጠረው ከሥራው ጀምሮ ለ50 ዓመት ነው። አዋጁ ቀድሞ ለተቀረጹት ሥራዎችም ይሠራል ብለን ብንወስድ እንኳ ሒሳቡ እንዲህ ይመጣል። በ1975 ለተቀረጸ ሥራ 50 ዓመቱ በ2025 ሞልቷል። በ1977 ለተቀረጸ በ2027፣ በ1985 ለተቀረጸ በ2035 ይሞላል። «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምናወድሰው ሙዚቃ፣ የተጫወቱት ሰዎች መብታቸውን ገና ሳይጠይቁ፣ ሰዓቱ እያለቀበት ነው። ለዘፈኑ ደራሲ ገና ረጅም ጊዜ አለ፤ ለኦርጋን ተጫዋቹ የለም። ልዩነቱን የሚያጠብበው ፊሸር ያደረገው ነው፤ የመግቢያውን ዜማ የፈጠረው አጃቢ ተባባሪ ደራሲ መሆኑን ማሳየት። ይህን የሚያሳይ ወረቀት ያለው አጃቢ ግን ስንት ነው?

ምን ይደረግ? ነገሩ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የተጫወቱ ሙዚቀኞች በሕይወት እያሉ ማን በየትኛው ቀረጻ ላይ ምን እንደተጫወተ ይመዝገብ። ይህ የምሁራንም የሙዚቃ ማኅበራትም ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የድሮ ሥራ እንደገና የሚያሳትም ሁሉ የባንዱን አባላት ስም በሙሉ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ዛሬ ስቱዲዮ የሚገባ ሙዚቀኛ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ። «ወንድማማች ነን፣ በኋላ እንነጋገራለን» የሚባለው ቃል ዘፈኑ እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ዛሬ ከሚሴም ሆነ ባቲ፣ ደሴም ሆነ አዲስ አበባ፣ በሠርግ ዳስ ውስጥ ሙሉ ባንድ ማየት እየቀረ ነው። አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ነፋሹንም ብቻውን ይዞ ያመሻል። የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት ለዚህ ሙያ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያ ወጣት ኪቦርዲስት ነገ የሚቀርጸው ሥራ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሆነ መደብር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የዚያን ጊዜ ስሙን ፍለጋ እንዳይወጣ፣ ዛሬ ሽፋኑ ላይ ይጻፍለት።